ዲቃላዋ መኪናዬና ሦስቱ ሽማግሎች

ሰው የሞኝነት ድርሻውን በልጅነቱ ከጨረሰ ዕድለኛ ነው። እኔ ቆጣቢ ስለሆንኩ የኔን ድርሻ አጠራቅሜ አጠራቅሜ፣ አርባ ሦስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ በአንዲት የታኅሣሥ ቅዳሜ ሁሉንም ዘርግፌ አወጣሁት። ጧት በሁለት ሰዓት ከደብረ ብርሃን ጀምሬ፣ ቀትር ሲቃረብ አንኮበር ስደርስ አንድም አልተረፈኝም። ከዚያ ወዲህ አስተዋይ ሰው ነኝ። የሚጠራጠር ካለ ጎረቤቶቼን ይጠይቅ። ይልቅስ ይቅር፣ አይጠይቃቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ይታደላል፤ እሑድ መኪና መንዳት ክልክል ነው፤ ሰው ሁሉ ጓድ ነው። እኔ ያን ጊዜ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መካከል በግና ገብስ አመላልስ ነበር። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም። መንዳትንም የተማርኩት ሰው ሲነዳ እያየሁ ነው። መካኒክነትን ግን እያየሁም አልተማርኩም።

መኪናዬን አገሩ ሁሉ «ዲቃላዋ» ይላታል። ስድብ አይደለም፤ የትውልድ ታሪኳ ነው። አካሏ የእንግሊዝ ነው። ሞተሯ ገደል ከገባ የጣሊያን መኪና ተነቅሎ የመጣ ነው። የማርሽ ሳጥኗን ማን እንደ ወለደው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ብቻ ከአንድ አሮጌ ካሚዮን ሆድ ወጣ ይላሉ። ስለዚህ ሦስቱ አይግባቡም። አንደኛ ማርሽ የሚገኘው ሰው ሁሉ ሦስተኛውን በሚፈልግበት ቦታ ነው። ሁለተኛው እጀታውን ሳብ አድርገው ካላባበሉት አይመጣም። የኋላ ማርሹ ደግሞ ካልመቱት አይሰማም። ከእኔ በቀር እሷን መንዳት የሚችል ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ከዜሮ ጀምሯል ብሎ የሸጠልኝ ሰውዬ ምሎልኛል። እኔ ከገዛኋት በኋላ ጨርሶ ቆመ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ያን ያህል ብቆጥር ይደክመኛል።

ይህች መኪና ከኅዳር ወዲህ አንድ በሽታ ያዛት። ስትነሣ እንደ ሚዳቋ ነው። ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ግን ትለግማለች። ቤንዚን ስሰጣት አትቀበልም፤ ታቃስታለች፤ ዳገት ካየች ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ አስላ ቀጥ ትላለች። በእግሩ የሚሄድ ገበሬ ከነአህያው ያልፈኛል። ማለፉስ ባልከፋ፤ ሲያልፍ «እግዜር ያበርታህ» ይለኛል። ይህ ነው የሚቆጨው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ ያን ጊዜ ለማንም አልተነፈስኩትም። በጥቅምት የሰልባትዮው ክዳን በመዘዞ መንገድ ላይ ወድቆ ጠፋብኝ። ሰልባትዮ እኛ ሾፌሮች የነዳጅ ማጠራቀሚያውን የምንጠራበት ስም ነው። ሌላ ክዳን ከየት ይመጣል? ቤንዚን ደግሞ ክፍት ከተተወ ይተናል ብለው አስፈራሩኝ። በዚያ ላይ በጎማ ቱቦ መጦ የሚሄድ ሌባ አለ። አሰብኩ፣ አሰብኩና እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና ጠላ ሻጭ ነበረች። ጠላውን ጋን ውስጥ ካስተኛች በኋላ፣ ኃይሉ እንዳይወጣ አፉን ከድና በጭቃ ግጥም አድርጋ ትመርገው ነበር። ምርጊቷ አየር አያስገባም፣ አያስወጣም። እኔም ከወይራ ውታፍ ጠርቤ፣ በሰም የተነከረ ጨርቅ ጠቅልዬበት፣ በላዩ ጭቃ ከአመድና ከጭድ ጋር ለውሼ መረግሁት። ከውጭ ለሚያየው መንገድ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ነው። ሌባ አጠገቡ ቆሞ ቢያድር አያውቀውም። ለማደሻ የሚሆን የተለወሰ ጭቃ በጣሳ አድርጌ ከወንበሬ ሥር እይዝ ነበር።

ደግሞ እንዴት እንደ ሠራ ልንገራችሁ! የቤንዚኑን መጠን በእንጨት ለመለካት ውታፉን ስነቅለው «ፍሽሽሽ» ይላል። ያን ድምፅ ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። «አየህ፣ ኃይሉ አልወጣም፤ ምርጊት ማለት ይህ ነው!» እላለሁ ለራሴ።

መኪናዬን ዘለቀ የሚባል መካኒክ ዘንድ አምስት ጊዜ ወሰድኳት። ዘለቀ መልካም ሰው ነው፤ ግን ጋራዡ ውስጥ የቆመ መኪና ሁሉ ቤንዚኑ ይቀንሳል ይባላል፤ ሐሜት ይሆናል። እኔ ሐሜት አልወድም፤ ብቻ ጋራዡ በር ላይ ስደርስ ውታፌን ነቅዬ፣ በእንጨቴ ለክቼ፣ ምልክት አድርጌበት እገባለሁ። መልሼ የምመርገው ስወጣ ነው። ታዲያ ዘለቀን ከጎኔ አስቀምጬ ስነዳት እንደ ንፋስ ትበራለች።

«ጋሼ፣ የቷ ናት የታመመችው?» ይለኛል።

«ይቺው ናት።»

«ይቺ ከእኔና ከእርስዎ ትሻላለች!»

ቢሆንም ባዶ እጄን አይሰደኝም። አንድ ቀን ካንዴላዋን ይጠርጋል፤ አንድ ቀን ካርቡራቶሯን ይፈታል፤ አንድ ቀን የቤንዚን ፖምፓዋን አውጥቶ እንደ ሕፃን እያገላበጠ ያያታል። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና «ጋሼ፣ ይህ የመኪና በሽታ አይደለም። ከሦስት አገር ተዋልዳ እንዴት ትስማማ? የዘር ነገር ነው» አለኝ። በዚህ ተለያየን።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጉዳዩ ወይዘሮ የሺ ናት።

የሺ አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ ጠላ ትሸጥ ነበር። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እኔም ሚስቴ ከሞተች አምስት። ገብስና ጌሾ የማደርስላት እኔ ነኝ። ጠላዋ ጥሩ ነው፤ ሳቋ ግን ከጠላዋ ይበልጣል። ሰው ጠጥቶ ሳይሆን እሷ ስትስቅ ሰምቶ ነው የሚንገዳገደው። አንድ ቀን የገብሱን ጆንያ ካወረድኩ በኋላ ላቤን እየጠረግሁ ነገሩን በጨረፍታ ነካካሁላት።

«አጎቴ እንደ አባቴ ናቸው፤ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን ፈጠን በል፤ ከመዘዞም የሚላክ አለ» አለችኝ።

አጎቷ ባላምባራስ ደስታ ይባላሉ። ማዕረግ ከቀረ ቆይቷል፤ እሳቸውን ግን ማንም በሌላ ስም አይጠራቸውም። ባላምባራስ ቅዳሜ ቀጠሩን። ቃላቸውም ይህ ነበር፦ «ከስድስት ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ እሰማችኋለሁ። በስድስት ሰዓት የመዘዞ ሽማግሎች ይመጣሉ። አስቀድሞ የተገኘውን እሰማለሁ፤ የዘገየ የራሱ ጉዳይ ነው።» የመዘዞው ሰውዬ ሽማግሎቹን የሚልከው በበቅሎ ነው። በቅሎ ደግሞ ካንዴላ የላትም፣ አትታመምም።

ሦስት ሽማግሎች መረጥኩ። አንደኛው መምሬ ወልደ ሰንበት፣ የንስሐ አባቴ ናቸው። ሁለተኛው ሐጂ ኑሩ፣ የአልዩ አምባ ነጋዴ፤ ባላምባራስ ቃላቸውን የማይጥሉላቸው ወዳጃቸው ናቸው። ሦስተኛው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ተሰማ ነው። ጓድ ተሰማ ሽማግሌ መላክ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብሎ ስብሰባ ላይ ተናግሯል። «ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?» ብለው መምሬ ሲጠይቁት «ኋላ ቀርነቱን በቅርብ ለማጥናት» አለ። ደግሞ ሰውዬው ግዙፍ ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ይጠፋል።

ለመነሣት ስንሰናዳ መምሬ ከመኪናው በር ላይ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ አንተ ወዴት ነህ?»

«እነዳለሁ እንጂ፣ አባ።»

«የሚያገባው ሰው ከሽማግሎች ጋር ሄዶ ያውቃል? ባላምባራስ ቢያዩህ ነውር ብለው በሩን ይዘጉብናል!»

እውነት ነው፤ እኔ ይህን ረስቼው ነበር። ግን ማን ይንዳት? ጓድ ተሰማ መሪውን ይዞ ሞከረ፤ አንደኛውን ማርሽ ፍለጋ ገብቶ ሳያገኘው ወጣ። በመጨረሻ መላ የፈጠሩት ሐጂ ናቸው። ጥቁር መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ዓይኔ ላይ ሰኩልኝ፤ ሻላቸውን በጆሮዬና በአገጬ ላይ ጠመጠሙብኝ።

«ባላምባራስ እሱን አይተውት አያውቁም» አሉ። «ከዛሬ ጧት ጀምሮ እሱ ሙሽራ አይደለም። ሾፌር ነው። ባለመኪናው ቤቱ ነው ያለው። ወላሂ፣ እኔ ራሴ አላውቀውም።»

የበሬሳን ወንዝ ተሻግረን ጥቂት እንደ ሄድን ዲቃላዋ ልግሟ ተነሣባት። እግሬን እስከ ወለሉ ተጫንኩት፤ እሷ ግን ወደ ኋላዋ የምትሄድ መሰለች። ትንሿ አቀበት ላይ አሳለችና ቆመች።

«አይዞህ» አሉ መምሬ፤ ከብብታቸው የጠበል ጠርሙስ አወጡ። «ይህስ የሚታወቅ ነው። ሦስት አገር የዞረ ብረት ምን እንደ ተጠጋው ማን ያውቃል? ኮፈኑን ክፈትልኝ።»

ከፈትኩላቸው። እሳቸው ሞተሩ ላይ እየደገሙ ሲረጩ፣ ሐጂና ጓድ ተሰማ ቆመው ሲያዩ፣ እኔ «ቤንዚን አልቆ እንዳይሆን» ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ምርጊቱን ፈቅፍቄ ውታፉን ነቀልኩ፤ «ፍሽሽሽ»። በእንጨቴ ለካሁ፤ ቤንዚን ሞልቷል። መልሼ ወትፌ ከጣሳው ጭቃ ጨምሬ መረግሁ። ሞተሩን ሳስነሣው እንደ አንበሳ አገሳ። ዳገቱን በአንድ እስትንፋስ ወጣችው።

መምሬ ጢማቸውን እያሻሹ «ወጣለት» አሉ።

«ምኑ ነው የወጣለት?» አለ ጓድ ተሰማ።

«አንተ የማታምንበት ነገር።»

መምሬ የተደሰቱት ለስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ልግሟ እንደገና መጣ። አሁን ተራው የሐጂ ኑሩ ሆነ። ሐጂ በወጣትነታቸው ከቆላው በግመል ጨው ያመላለሱ ሰው ናቸው፤ በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ ለእሳቸው የጭነት ችግር ነው።

«እዚህ ምን ጠበል ያስፈልጋል?» አሉ። «ግራና ቀኙን እዩት! ጓድ ተሰማን የሚያህል ሰው በአንድ ጎን ጭናችሁ ግመል ቢሆንስ ይነሣል? ያ ጀመዓ፣ ውረዱ፣ ውረዱ!»

ሁሉንም አወረዱ። ጓድ ተሰማን በቀኝ፣ መምሬንና ራሳቸውን በግራ አድርገው ጫኑ። አልተመጣጠነም፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ አስጨመሩና መምሬ እንዲታቀፉት አደረጉ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ በልማዴ ከኋላ ሆኜ ቤንዚኔን ለካሁ። «ፍሽሽሽ»። መረግሁ። መኪናዋ በረረች።

«ጭነት ነው ብያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ።

«ድንጋዩን ላስቀምጠው?» አሉ መምሬ።

«እንዳይነኩት! ነገሩን የያዘው እሱ ነው።»

መምሬም ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ በብርድ የሚጨስ አፋቸውን ገጥመው ሄዱ። ሰው ለወዳጁ ስንት ነገር ይሸከማል!

ጅባራ የሚበቅልበት ከፍታ ላይ፣ የገደሉ አፋፍ ልንደርስ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረን፣ ድንጋዩም ጠበሉም ባሉበት፣ ዲቃላዋ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመች። ፀሐይ ወደ አናታችን እየተጠጋች ነው። ከኋላችን ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ነጭ ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች በበቅሎ እየመጡ ነው። የመዘዞዎቹ መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም፤ ሆዴ ነገረኝ።

እንጨቴን ይዤ ልወርድ ስል ጓድ ተሰማ እጁን ዘረጋ።

«ጓድ ሾፌር፣ ከመኪናዪቱ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ በል!»

«ለምን?»

«ሁለት ጊዜ ዝም ብዬ አየሁ። ይህ የጠበል ጉዳይ አይደለም፤ የጭነትም አይደለም። ይህ አሻጥር ነው። አሻጥረኛ ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ በኩል ነው የሚገኘው። አንተ ሁልጊዜ ከኋላ ምን ትሠራለህ?»

«ቤንዚን እለካለሁ።»

«ዛሬ አትለካም። ግለ ሂስ ታደርጋለህ።»

እዚያው ጅባራው ሥር አቆሙኝ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ በቅሎዎቹ እየቀረቡ ነው፤ እኔ ጥፋቴን እናገራለሁ። ከለሚ ያመጣሁትን በግ የጅሩ ሙክት ነው ብዬ እንደ ሸጥኩ ተናገርኩ። በስብሰባ ላይ እንደ ተኛሁ ተናገርኩ። ጥቁር መነጽር ባደርግም የሺ መስኮት ላይ ትታየኝ እንደ ሆነ እያልኩ ከጧት ጀምሮ እንደ ናፈቅሁ ሁሉ ተናገርኩ። ሐጂ «ይህኛው እንኳ ጥፋት አይደለም» አሉ። ሁሉን ዘረገፍኩ፤ ምርጊቱን ግን አላነሣሁም። ጥፋት መሆኑን መች አውቄ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ በሽታውን መድኃኒት ነው ብሎ የያዘውን ሰው ግን ምን እንደሚሉት አላውቅም።

ግለ ሂሴ ሲያበቃ ሞተሩን ሞከርኩ። ዝም። እንደገና። ዝም። ጓድ ተሰማ ደነገጠ። በዚህ መካከል በቅሎዎቹ በአጠገባችን አለፉ፤ ከላይ ሆነው ሦስቱም «እንደምን ዋላችሁ» አሉን፤ አንደኛው «እግዜር ያበርታችሁ» ብሎ ጨመረ። ይህን ቃል አልነገርኳችሁም?

«እንግፋ!» አሉ መምሬ፤ ድንጋዩን ወርውረው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። «አፋፉ ላይ ከደረስን ቁልቁለቱ የእግዚአብሔር ነው።»

ገፋን። መምሬ በመዝሙር፣ ሐጂ በቢስሚላህ፣ ጓድ ተሰማ በመፈክር ገፉ። እውነቱን ለመናገር የጓድ ተሰማ ጉልበት የሚናቅ አልነበረም። አፋፉ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፋች፤ ዘለን ገባን፤ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀስ ብዬ ላውራው፤ ያን ጊዜ በጣም ፈጥኖ ነበር። ሞተር የለም፣ ድምፅ የለም፤ ንፋስ ብቻ። ታች የቆላው አገር እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ይታያል። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ በቅሎዎቹን ደረስንባቸው፤ ክላክሱ አይሠራም፣ ጓድ ተሰማ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ፈቀቅ በሉ፣ ጓዶች!» እያለ ጮኸ። በቅሎዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። መምሬ «እግዜር ያበርታችሁ!» አሏቸው። ንስሐ አባቴ ባይሆኑ ኖሮ እስማቸው ነበር።

ፍሬኔ ሁለቴ ሲረገጥ የሚይዝ ነበር፤ ከዚያ ሦስቴ ሲረገጥ፣ ከዚያ አራቴ። ጎረቤላ መግቢያ ላይ ስንደርስ ብረግጠውም አልሰማም አለ። ከፊታችን የበግ መንጋ፤ ከግራ የድንጋይ ካብ፤ ከቀኝ አንድ ቤት የሚያህል የገብስ ገለባ ክምር። ምርጫ አለ? ክምሩ ውስጥ ገባሁ። ዓለም ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም ፀጥ አለ።

ከውጭ ድምፅ መጣ። «ማነው? ሰው ነው ወይስ በረዶ?»

መምሬ ከገለባው ውስጥ «ሽማግሎች ነን» አሉ።

«ሽማግሌ በበር ይመጣል እንጂ በክምር ይመጣል?»

ክምሩ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ያለ ባላምባራስ ደስታ እንዲህ የሚመልስ ሰው በአገሩ የለም።

ሦስቱ ሽማግሎች ከገለባው ተጎልጉለው ወጡ። የመምሬ ጢም ገለባ፣ የሐጂ ቆብ ገለባ፣ የጓድ ተሰማ ቅንድብ ሳይቀር ገለባ። እንዲያም ሆኖ ወጉን አልዘነጉትም። ባላምባራስ «ተቀመጡ» ሲሏቸው «ጉዳይ ይዘን ነው፤ ሳይፈጸምልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ጓድ ተሰማም ኋላ ቀርነቱን እያጠና ቆመ፤ ሲናገርም «ጓድ ባላምባራስ» አለ። ባላምባራስ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ስም ሰምተው ስለማያውቁ ለጊዜው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ጠቀመን፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነገሩ ተነገረ።

እኔ ሻሌን ጠብቄ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ መኪናዬን ከገለባ እያጠራሁ ውጭ ቀረሁ። ጥቂት ቆይቶ ባላምባራስ ብቻቸውን ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ሾፌር!»

«አቤት፣ ጌታዬ!»

«ሽማግሎች ያመሰግናሉ፤ ሥራቸው ነው። እውነት የሚገኘው ከሾፌር ነው። ይህን የሚያነሡትን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«በመጠኑ፣ ጌታዬ።»

«ይጠጣል?»

«ጠላ ብቻ። እሱም የወይዘሮ የሺን።»

«ቁመቱስ?»

«እኔን ያክላል።»

«መልኩስ?»

«ከእኔ ትንሽ ይሻላል» አልኩ።

«እሱማ ማንን ያቅተዋል» አሉ ባላምባራስ። «ልቡስ?»

«ልቡ ደግ ነው፣ ጌታዬ። ብቻ የሚወደውን ነገር እንዳይጠፋበት በጣም ይፈራል።»

ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ከአፌ ወጣ። ባላምባራስ ትክ ብለው አዩኝና ወደ መኪናዋ ዞሩ።

«መኪናዪቱ የእሱ ናት?»

«የእሱ ናት።»

«ለምን በገዛ እግሯ አልመጣችም?»

«ታማለች። ሕመሟን ግን አላወቀውም።»

«እንግዲህ ስማኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ለውጠው። «በየቀኑ አብራው የምትውለውን የብረት ሕመም የማያውቅ ሰው የልጄን ሕመም ከየት ያውቃል? የመዘዞዎቹ እየደረሱ ነው። ይህች መኪና ሽማግሎቹን ይዛ ይህን ዳገት እስከ አፋፉ ከወጣች ቃሌ ለእናንተ ነው። መንገድ ላይ ከቆመች ግን በእግራቸው ይሂዱ፣ ጌታህም በቤቱ ይቅር።»

ደርሼ ደርሼ፣ ያቺ ሳቅ በአንዲት ሳል ልትቀርብኝ ነው! እንጨቴን ይዤ ወደ ሰልባትዮው ሄድኩ፤ ሌላ የማውቀው ሕክምና የለማ። ጭቃውን ልፈቀፍቅ ጎንበስ ስል ከኋላዬ ነጠላ ተንቀሳቀሰ። የሺ ናት። ለእንግዶቹ ጠላ ስታመጣ ነው፤ እንስራዋን ከካቡ ላይ አሳርፋ እጄን እያየች ቆማለች።

«ሾፌር» አለችኝ። ሳቋን ከንፈሯ ላይ ይዛዋለች። «ይህን ማን መረገው?»

«ባለቤቱ።»

ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። «አመድ አለበት። ጭድም አለበት። ጥሩ ምርጊት ነው፤ ከጠላ ሻጭ ቤት ያደገ ሰው እጅ ነው።»

«እናቱ ጠላ ሻጭ ነበረች» አልኩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የምትሄደው?»

«ሁልጊዜ። ኃይሉ እንዳይወጣ።»

የሺ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «ለጌታህ ንገረው፤ ጋን የሚመረገው ሊተኛ ነው። ሊቀዳ ሲል ይከፈታል። ተመርጎ የሚቀዳ ጋን የት አገር አይቷል? በአፉ አየር ካልገባ በታች ምን ይወርዳል?»

ከዚያ የጋን ምርጊት የምትሰብርበትን ቢላ ከመቀነቷ መዘዘች፤ ጭቃውን አንድ ጊዜ መታችው። ውታፉ ሳይነቀል «ፍሽሽሽሽ» አለ፤ በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙ። እኔ በዚያ ድምፅ ሁለት ወር ሙሉ ስደሰት የኖርኩት መኪናዬ ታፍና ስትተነፍስ ነው ለካ! የመምሬ ጠበል፣ የሐጂ ድንጋይ፣ የዘለቀ ካንዴላ፤ ሁሉም በዚያች ቅጽበት ዓይኔ ፊት ተሰለፉ። መነጽሬ ጉም ለበሰ።

የሺ ውታፉን በቢላዋ ጫፍ ሰርስራ በመካከሉ ቀዳዳ አወጣችለትና መልሳ ሰካችው። «በል ንዳ» አለችኝ። «አትፍራ፤ በዚህ ቀዳዳ የሚወጣው ትንሽ ነው፤ የሚገባው ግን ብዙ ነው።»

ከሽማግሎቹ ጋር ዘለን ገባን። ባላምባራስም «በዓይኔ ካላየሁ» ብለው ከፊት ተቀመጡ። አምስት ሰው ማለት ነው፤ ጓድ ተሰማን ሁለት ካልን ስድስት። ሐጂ «ጭነቱ!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መምሬ በክርናቸው ጎሸሟቸው። አንደኛውን ማርሽ ከተደበቀበት አወጣሁት፤ ሄድን።

የመጀመሪያው ጥምዝ አለፈ። ሁለተኛው። መምሬ በአንድ በኩል፣ ሐጂ በሌላ በኩል ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ ጓድ ተሰማም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በመስታወት አይቼዋለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩበትም። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ በቅሎዎቻቸውን ሰብስበው የሚወርዱትን የመዘዞ ሽማግሎች አገኘናቸው። ባላምባራስ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ተመለሱ! ገና አልወሰንኩም፤ ግን ተመለሱ!»

እነሱም በቅሎአቸውን አዙረው ከኋላ ከኋላ ተከተሉን፤ እስክንቆም መጠበቃቸው ነው። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር፣ ያ የተረገመው ቦታ ሲደርስ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ጣልኩ። ዲቃላዋ ግን አላሳለችም። እንግሊዙ፣ ጣሊያኑና ያ አባቱ ያልታወቀው ማርሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ተስማሙ። በቅሎዎቹ ከመስታወቴ ውስጥ አነሱ፣ አነሱ፣ ጠፉ። ጅባራዎቹ መጡ። አፋፉ ላይ ወጣን።

ባላምባራስ ወርደው ቁልቁል የመጣንበትን መንገድ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው፣ ጥቁሩን መነጽር ከዓይኔ ላይ በእርጋታ አነሡና ለሐጂ ሰጧቸው።

«ያንተ ናት መሰለኝ፣ ሐጂ። ባለፈው ዓመት እኔ ቤት ረስተሃት ሄደህ፣ ልጅ ልኬ መለስኩልህ።»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ባላምባራስ ግን ፊታቸውን አልለወጡም።

«ስማ፣ ሾፌር» አሉኝ። «ለጌታህ ንገረው፤ ልጄን ሰጥቼዋለሁ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ እስከዚያ በወጉ በቤቱ ይቆይ፣ እደጄ እንዳይታይ። አንተ ግን ነገ መጥተህ ገለባዬን መልሰህ ትከምራለህ።»

በማግስቱ እሑድ ስለነበረ በእግሬ ሄድኩ። ሙሽራው በወጉ ቤቱ ቆየ፤ ሾፌሩ ሦስት ቀን ሙሉ ገለባ ከመረ። በሦስተኛው ቀን የሺ ጠላ ይዛልኝ ወጣች፤ አጎቷ ከበሩ ላይ ተቀምጠው ሌላ ሌላውን ያያሉ።

«ጌታህ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አለችኝ።

«ክፉ አይደለም። ያገኘውን ግጥም አድርጎ መዝጋት ይወዳል እንጂ።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለች የሺ፤ ሳቀች። እኔም ከክምሩ ላይ ወደቅሁ።